«ቮይስ» ነው እንጂ «ቦይስ» አይደለም፦ አይልትስ ስፒኪንግ ላይ ስለ ድምፃችሁ ስትጠየቁ

የአክስቴ ልጅ ከአይልትስ፣ ከእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው፣ እንደወጣች ደወለችልኝና ሰላም እንኳን ሳትለኝ «ስለ ድምፄ ጠየቀኝ እኮ!» አለችኝ። ስለ ሰፈሯ፣ ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ትርፍ ጊዜዋ ሁለት ወር ሙሉ ስትለማመድ ከርማ ነው የገባችው፣ ፈታኙ ግን ስለ ትምህርቷ ሁለት ሶስት ነገር ጠየቃትና «ናው ሌትስ ቶክ አባውት ዩር ቮይስ» ብሎ ቁጭ። «እኔ ዘፋኝ ነኝ እንዴ፣ ስለ ድምፄ አስቤ አላቅም ምን ልበለው?» ትለኛለች። እና ምን አልሽው ስላት «ማይ ሳውንድ ኢዝ ጉድ አልኩት» አለች። ሳቄ አመለጠኝ፣ እሷም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

በኋላ ሳስበው ግን መሳቅ አልነበረብኝም። ጥያቄው በጣም ቀላል ይመስላል፣ ለኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ግን የራሱ ወጥመድ አለው። አማርኛ ስለ ድምፅ ሲወራ ቃል አያልቅበትም፣ ጎርናና፣ ሰላላ፣ መረዋ፣ ስርቅርቅ፣ ሻካራ እያልን እንቀጥላለን፣ ታዲያ ያንን ሁሉ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ስንገለብጠው ነው ነገር የሚበላሸው። እዚህ ምጽፈው ለሷ ቁጭ ብዬ ያስረዳኋትን ነው፣ እኔም ሁለቴ ስለተፈተንኩ ከራሴ ስህተትም ጨምሬበታለሁ።

መጀመሪያ ፈተናውን ለማታውቁት ባጭሩ። ስፒኪንግ የሚባለው የንግግሩ ፈተና በጠቅላላ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፣ 3 ክፍል አለው። የመጀመሪያው ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ስለ ራሳችሁ አጫጭር ጥያቄ ነው፣ የድምፅ ጥያቄም በብዛት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ሁለተኛው ላይ ካርድ ይሰጣችሁና 1 ደቂቃ ተዘጋጅታችሁ እስከ 2 ደቂቃ ብቻችሁን ታወራላችሁ። ሶስተኛው ጠለቅ ያለ ውይይት ነው። ነጥቡ የሚሰጠው በ4 ነገር ነው፣ እኩል እኩል፦ ሳትደናቀፉ አያይዛችሁ ማውራታችሁ፣ የቃላት ሀብታችሁ፣ ሰዋስዋችሁና አነጋገራችሁ። ልብ በሉ፣ ድምፃችሁ ማማሩ እዚህ ውስጥ የለም። ያላችሁት እውነት መሆኑም የለም፣ ፈታኙ እናታችሁ ጋ ደውሎ «እውነት ልጅሽ አንቺን ነው የሚመስለው?» አይልም።

እሺ፣ ወደ ቃሉ እንምጣ። በአማርኛ የበር መንኳኳትም ድምፅ ነው፣ የሰው ድምፅም ድምፅ ነው፣ ምርጫ ላይ የምንሰጠውም ድምፅ ነው። እንግሊዝኛ ሁሉንም ለያይቶ ነው ያስቀመጣቸው። የመኪና፣ የዝናብ፣ የሙዚቃው «ሳውንድ» ነው፣ የሚረብሽ ከሆነ «ኖይዝ» ነው፣ የምርጫው «ቮት» ነው፣ ከሰው አፍ የሚወጣው ግን «ቮይስ» ነው። ስለዚህ «ማይ ሳውንድ» ስትሉ የሆነ የተገዛ ስፒከር ያላችሁ ነው የሚመስለው። «ሳውንድ» ለራሳችን የሚሰራው ግስ ሲሆን ነው፣ «አይ ሳውንድ ላይክ ማይ ማዘር» ብትሉ ስትናገሩ እናታችሁን ትመስላላችሁ ማለት ነው፣ ይሄ እንደውም አሪፍ አባባል ነው ያዙት።

ሁለተኛው ወጥመድ እዛው ቃሉ ላይ ነው። አማርኛ ከጥንት የ«ቨ» ድምፅ የለውም፣ «ቨ» የሚለውን ፊደል ራሱ «በ» ላይ ሰረዝ ጨምረን የሰራነው ለውጭ ቃል ብለን ነው። ስለዚህ ምላሳችን ሳናስበው «ቦይስ» ይላል። መጨረሻው ላይ ያለውን «ስ» ደሞ ወደ «ዝ» ከሳብነው አለቀ፣ በእንግሊዝኛ ወንዶች ልጆች ሆነ። «አይ ሪሊ ላይክ ማይ ቦይዝ» ብላችሁ ፈታኙ ፊት ቁጭ ስትሉ አስቡት፣ ስንት ልጆች አሏችሁ ብሎ ባይጠይቅ ነው። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ የላይኛው ጥርሳችሁ የታችኛውን ከንፈር ነካ ያርግና አየር ልቀቁ፣ ከንፈር ከከንፈር ጋ ከተጋጠመ «በ» ሆኗል ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ጣታችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አርጉ፣ «ስ» ስትሉ ጉሮሮ አይነዝርም፣ «ዝ» ስትሉ ይነዝራል። ቮይስ ላይ መጨረሻው መንዘር የለበትም። መስታወት ፊት 20 ጊዜ በሉት፣ ቤት ውስጥ ሰው ካለ ትንሽ ያፍራል ግን ይሰራል።

ይሄን ስል እንደ ፈረንጅ ተናገሩ ማለቴ አይደለም። የሀበሻ ቃና ነጥብ አያስቀንስም፣ ፈታኙ የሚያየው ያለ ችግር ትሰማላችሁ ወይ ነው። አፍንጫቸውን ይዘው የአሜሪካ ሰው ለመምሰል የሚሞክሩ ልጆች አሉ፣ ከነሱ ይልቅ በራሱ ቃና ረጋ ብሎ የሚናገረው ነው በደንብ የሚሰማው። ግን «ቨ» እና «በ» ትርጉም ስለሚቀይሩ እነሱን ማስተካከል ግድ ነው።

አሁን ገለፃው። «ወፍራም ድምፅ» ለማለት «ፋት ቮይስ» የሚል ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አይባልም። ወፍራም ድምፅ «ዲፕ ቮይስ» ነው። «ቀጭን ድምፅ» ደሞ «ሃይ-ፒችድ ቮይስ» ነው፣ «ቲን ቮይስ» ብትሉ አቅም ያነሰው ደካማ ድምፅ ነው የሚመስለው፣ ሰላላ ለሚባለው እንደውም ይቀርባል። ጎርናና ሆኖ ደስ የሚል ሲሆን «ሃስኪ» ይባላል፣ በጉንፋን ወይ በጩኸት የሻከረ ከሆነ «ሆርስ» ነው፣ ይሄ ቃል ሲነገር ከፈረሱ ጋ አንድ አይነት ስለሆነ በአረፍተ ነገር ካላስገባችሁት ግራ ያጋባል፣ «ማይ ቮይስ ጌትስ ሆርስ ዌን አይ ሻውት» ብትሉ ግን ማንም ፈረስ አያስብም። ድምፁን ዝቅ አርጎ ለስለስ ብሎ የሚናገር ሰው «ሶፍት-ስፖክን» ነው። ስትሰሙት የሚያረጋጋ ድምፅ «ሱዚንግ» ነው። ሁሌ ባንድ ቃና የሚሄድ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ፣ የሆነ አስተማሪያችሁን የሚያስታውሳችሁ አይነት ደሞ «ሞኖቶን» ነው። ለመረዋ እና ለስርቅርቅ ልክ የሚተካ ቃል ስትፈልጉ አትጨነቁ፣ «ክሊር» እና «ስዊት» ይበቃሉ። ከነዚህ ሁሉ ሶስት ብትይዙ በቂያችሁ ነው፣ ግን የናንተን ድምፅ በእውነት የሚገልፁትን ምረጡ፣ የማይገልፃችሁን ስትሉ ምክንያቱን ሲጠይቃችሁ ትጠፋላችሁ።

አንድ ሌላ የሚያጭበረብር አባባል አለ። እኛ «ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ» ስንል እንዲሰማ ብሎ ሊሆን ይችላል፣ እንግሊዝኛው «ሂ ሬይዝድ ሂዝ ቮይስ» ግን ብዙ ጊዜ ተቆጣ፣ ጮኸ ማለት ነው። «አይ ሬይዝ ማይ ቮይስ ቱ ማይ ግራንድማዘር» ብትሉ አያታችሁ ላይ የምትጮሁ ባለጌ ሆናችሁ ቁጭ። ጆሮዋ ስለደከመ ጮክ ብዬ ነው የማወራት ለማለት «አይ ስፒክ አፕ» በሉ።

አሁን ጥያቄዎቹ። በየጊዜው ይቀያየራሉ፣ ግን የሚሽከረከሩት እነዚህ ላይ ነው፦ ድምፅህን ትወደዋለህ ወይ፣ ተቀይሮ ያውቃል ወይ፣ መቅዳት ትወዳለህ ወይ፣ ከቤተሰብ ማንን ይመስላል።

ስለ መቀየሩ ስትጠየቁ ወንዶች ቀልሎላችኋል። ጎረምሳ ሲሆኑ ማንቁርት ያድጋል፣ የድምፅ አውታሮቹ ይረዝማሉ ይወፍራሉ፣ ድምፁም ይወርዳል። ድምፄ ጎረነነ የምንለው በእንግሊዝኛ «ማይ ቮይስ ብሮክ» ነው። አዎ፣ ተሰበረ ነው የሚለው፣ ግን እንደዛ ነው የሚባለው ምን እናርግ። «ማይ ቮይስ ብሮክ ዌን አይ ዎዝ ፎርቲን፣ ኤንድ ፎር ኤ ፊው መንዝስ አይ ዎዝ ቱ ሻይ ቱ አንሰር ኩዌስቸንስ ኢን ክላስ» ብትሉ፣ በ14 አመቴ ጎረነነና ለተወሰነ ወር ክፍል ውስጥ ጥያቄ መመለስ አፍር ነበር ማለት ነው፣ በቃ ይሄ ሙሉ መልስ ነው። ያኔ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ «አቤት» ለማለት ስትሞክሩ ግማሹ ቀጭን ግማሹ ወፍራም ሆኖ ክፍሉ የሳቀባችሁ ቀን አለ አይደል፣ እሱን ተናገሩ። ሴቶችም ድምፃችሁ ከልጅነት ትንሽ ይወርዳል፣ «ኢት ሃዝ ጎትን ኤ ቢት ሎወር» ማለት ይቻላል። እዚህ ጋ ሰዋስውም ታሳያላችሁ፣ ያኔ የሆነውን በኃላፊ ጊዜ፣ እስካሁን የዘለቀውን ለውጥ ደሞ በ«ሃዝ» ትናገራላችሁ፣ ፈታኙ ከዚህ ጥያቄ የሚጠብቀውም ይሄንኑ ነው።

ወይ ደሞ ጊዜያዊ ለውጥ አውሩ። ድምፄ ተዘጋ ለማለት «ማይ ቮይስ ክሎዝድ» አይባልም፣ «አይ ሎስት ማይ ቮይስ» ነው። ኳስ እያያችሁ ጮሃችሁ የተዘጋበት ቀን፣ ሰርግ ላይ ሙሽሪት ስትገባ እየዘፈናችሁ የተዘጋበት፣ አስተማሪ ከሆናችሁ ደሞ ክፍል ሙሉ ተማሪ ስታስተምሩ ውላችሁ ማታ ቤት ስትገቡ በምልክት የምታወሩበት። እንዲህ አይነት ትንሽ ነገር ከ«ዬስ፣ ኢት ሃዝ ቼንጅድ» በብዙ ይሻላል።

ስለ መቅዳት ጥያቄ ብዙ ሰው «አልወድም» ብሎ ያቆማል፣ ምክንያት ሲጠየቅ ይቸግረዋል። ምክንያቱ ግን ሁላችንም ላይ ያለ ነገር ነው። ስትናገሩ የራሳችሁን ድምፅ በሁለት መንገድ ነው የምትሰሙት፣ አንዱ በአየር በጆሮ፣ ሌላው በራስ ቅል አጥንት በኩል ከውስጥ። አጥንቱ ወፈር ያለውን የድምፁን ክፍል አጉልቶ ያሰማችኋል። ስልክ ግን የሚቀዳው በአየር የወጣውን ብቻ ነው፣ ስለዚህ መልሳችሁ ስትሰሙት ቀጥኖ የሌላ ሰው ይመስላችኋል። ሌላው ሰው ሁሌም የሚሰማው ያንን ነው፣ የምትደነግጡት እናንተ ብቻ ናችሁ። ይሄን ባጭሩ ማለት ይቻላል፦ «አይ ዶንት ላይክ ኢት፣ ቢኮዝ ኦን ኤ ሪኮርዲንግ ማይ ቮይስ ሳውንድስ ሃየር ዛን ኢት ዳዝ ኢን ማይ ሄድ»። ጭንቅላቴ ውስጥ ከምሰማው ይልቅ ሲቀዳ ይቀጥናል፣ በቃ። ስለ ራስ ቅል አጥንት ሌክቸር አትስጡ፣ ይሄ የመጀመሪያው ክፍል ነው።

ቴሌግራም ላይ ቮይስ የማይልክ ሀበሻ ደሞ የለም። እናታችሁ ፅሁፍ ማንበብ አይኗን ስለሚያደክማት ቮይስ ትልኩላታላችሁ፣ ወይ ዱባይ ያለች እህታችሁ የ6 ደቂቃ ቮይስ ትልካለች፣ ግማሹ የጎረቤት ሰላምታ ነው። ይሄ ንፁህ የናንተ መልስ ነው፣ ማንም ሸምድዶ ሊመጣበት አይችልም። «አይ ሴንድ ቮይስ መሴጅስ ቱ ማይ ማዘር አልሞስት ኤቭሪ ዴይ፣ ባት አይ ኔቨር ሊስን ቱ ዜም አጌን» ብሎ መጨረስ ይቻላል፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል እልካለሁ ግን መልሼ አልሰማቸውም።

እዚህ ጋ «ሪኮርድ» የሚለውን ቃል ተጠንቀቁ። እቀዳለሁ ስትሉ ክብደቱ ሁለተኛው ላይ ነው፣ ሪ-ኮርድ። ስም ሲሆን፣ የሩጫ ሬከርድ እንደምንለው፣ ክብደቱ ፊት ነው፣ ሬ-ከርድ። አማርኛ ላይ እንዲህ አንዱን ክፍል መጫን ብዙ ትርጉም ስለማይቀይር ሁሉንም እኩል እንረግጠዋለን፣ እንግሊዝኛ ጆሮ ግን ያደናግረዋል።

ማንን ትመስላለህ ሲባል ሁለት ስህተት በአንድ አረፍተ ነገር የምንሰራበት ቦታ ነው። እኛ «ከአባቴ ጋር ይመሳሰላል» ስለምንል «ሲሚላር ዊዝ» ይወጣናል፣ ትክክሉ «ሲሚላር ቱ» ነው። ደሞ «ማይ ቮይስ ኢዝ ሲሚላር ቱ ማይ ፋዘር» ካላችሁ ድምፃችሁን ከሰውየው ጋር ነው ያወዳደራችሁት፣ «ማይ ፋዘርስ» ብላችሁ ያቺን «ስ» ጨምሯት፣ የአባቴን ድምፅ ማለት ነው። ቀጥላችሁ የስልኩን ታሪክ አምጡ። ሁሉም ቤት አለ ይሄ ነገር፣ አክስት ትደውልና ልጅቷ ስታነሳ እናትየው መስላት የሰፈሩን ወሬ ትዘረግፋለች፣ ልጅቷም ሁሉንም ከሰማች በኋላ ነው «ቆይ እማዬን ላቅርብልሽ» የምትለው። «ፒፕል ኦፍን ሚስቴክ ሚ ፎር ማይ ማዘር ኦን ዘ ፎን» ነው የሚባለው። «ሚስቴክ ሚ ፎር» ከእገሌ ጋር አምታቱኝ ማለት ነው፣ ጥሩ ቃል ነው፣ ቦታው ላይ ከገባ ያምርበታል።

ድምፅህን ትወደዋለህ የሚለው ላይ ደሞ የኛ ትህትና ይመጣል። «ኧረ ምኑ ይወደዳል» ብሎ ማፈር፣ ራስን ማመስገን ነውር ስለሚመስለን። ሁለቱም መልስ ይሄዳል፣ መውደድም አለመውደድም፣ ዋናው ምክንያት መኖሩ ነው። መሀል ላይ መቆምም ይቻላል፣ «ኢትስ ኦኬይ፣ አይ ጌስ፣ ኢትስ ኖት ስፔሻል ባት ችልድረን ላይክ ኢት ዌን አይ ቴል ዜም ስቶሪስ»፣ ያን ያህል አይደለም ግን ተረት ስነግራቸው ልጆች ይወዱታል። ብቻ አትዝፈኑ። እባካችሁ።

ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 አረፍተ ነገር ይበቃል። ፈታኙ መሀል ላይ ቢያቋርጣችሁ አትደንግጡ፣ ሰአት ስላለበት ነው። እና እነዚህን እዚህ የፃፍኳቸውን መልሶች እንዳለ እንዳትሸመድዱ፣ ፈታኞቹ የተሸመደደ መልስ ይለያሉ፣ አነጋገራችሁ ድንገት እንደ ዜና አንባቢ ሲሆን ማንም ያውቅባችኋል። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ የተማርኩበት የማጠናከሪያ ቦታ 40 መልስ አሸምድደውኝ ነበር፣ አንዱም አልመጣም፣ ሁለቱን እንደምንም አጣምሜ ላስገባ ስል የራሴን ነገር አበላሸሁ።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ድምፁን ስለምትወዱት ወይ ስለምታደንቁት ሰው የሚል ካርድ ከመጣ ጥላሁን ገሠሠን መያዝ አሪፍ ነው፣ እንግሊዝኛው ላይም «ዘ ቮይስ» እየተባለ የተጠራ ሰው ነው፣ ይሄን ብቻ ስትነግሩት ፈታኙ ጆሮውን ያቆማል። ወይ ወጋየሁ ንጋቱ፣ መድረክ ላይ ተዋናይ፣ ሬዲዮ ላይ ልብ ወለድ ሲተርክ ሰው ስራ ያስፈታ የነበረ። ወላጆቻችሁ ስለሱ የነገሯችሁ ካለ ሁለት ደቂቃው አይበቃችሁም። ግን ፈታኙ አያውቃቸው ይሆናል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በአንድ አረፍተ ነገር ማን እንደሆኑ ንገሩት። አመተ ምህረትም ተጠንቀቁ፣ ጥላሁን ያረፈው በኛ 2001 ነው፣ በእንግሊዝኛ ስታወሩ 2009 በሉ። ቁጥር ስንጠራ በራስ ሰር የሀበሻው ነው የሚመጣብን፣ እኔ የተመረቅኩበትን አመት ስናገር ፈታኙ አንዴ ዞር ብሎ አይቶኛል፣ ገና ሳልወለድ የተመረቅኩ መስሎት ይሆናል።

ከመልሱ ውጪ ድምፃችሁ ራሱ እዛ ክፍል ውስጥ የሚያረገው ነገር አለ። እኛ ትልቅ ሰው ወይ ባለስልጣን ፊት ስንቀርብ ድምፃችንን ዝቅ እናረጋለን፣ አንዳንዴ አፋችን ላይ እጅ እናረጋለን፣ አክብሮት ነው። ፈታኙ ጋ ግን አለመሰማት ነው። ንግግሩ ሁሉ ይቀዳል፣ የነጥብ ድጋሚ እይታ ብትጠይቁ የሚሰማው ቅጂው ነው፣ ቅጂው ላይ ደሞ አክብሮታችሁ አይታይም። ሁለተኛ፣ አዎ ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «እህ» የምንላት ነገር አለች አይደል፣ የማያውቅ ፈረንጅ የደነገጣችሁ ወይ ያመማችሁ ነው የሚመስለው። ቅጂው ላይም ምንም የለም፣ ትንሽ አየር ብቻ። አፋችሁን ከፍታችሁ «ዬስ» በሉ።

ልምምዱን በስልካችሁ አርጉት። አንድ ጥያቄ ምረጡ፣ ሳትፅፉ መልሱና ቅዱት፣ ከዛ 3 ጊዜ ስሙት። መጀመሪያ ሲሰሙት ማፈር ብቻ ነው፣ ይለፍላችሁ። ሁለተኛ «እእእ» እና «ማለቴ» ስንት ጊዜ እንደገባ ቁጠሩ። ሶስተኛ «ቨ» ላይ ከንፈራችሁ ገጥሞ እንደሆነ አዳምጡ። የአክስቴን ልጅ እንዲህ ሳስለምዳት በሳምንቷ «ድምፄ ለካ እንደዚህ ነው፣ ደሞ ወደድኩት» አለችኝ።

የፈተናው ቀን ጉንፋን ቢይዛችሁስ? ትኩስ ሻይ በማር ጠጡ፣ ዝንጅብል አርጉበት፣ ጠዋት ተነስታችሁ ከሰው ጋር ብዙ አታውሩ፣ ጉሮሯችሁን እየደጋገማችሁ አትጥረጉ ይብሳል። ስትገቡ «ሶሪ፣ አይ ሃቭ ኤ ሶር ትሮት ቱዴይ» በሉና ቀጥሉ። እንደዛ ሆናችሁ ድምፅህ ተቀይሮ ያውቃል ወይ ብሎ ከጠየቃችሁማ፣ «ዬስ፣ ዲስ ሞርኒንግ» በሉትና ከዛ ተነሱ።